ግንቡ ሆድ አወጣ፣ ከሥሩም ጥቁር ውሃ ይወጣል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን አዲስ አበባ ቀበና ወንዝ ዳር የሚኖሩ የልጆች እናት ናቸው። ግቢውን የገዙት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ጓሮው ጫፍ ላይ 3 ሜትር ከፍታ፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው የድንጋይ ድጋፍ ግንብ አለ። ከግንቡ በታች ተዳፋቱ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ባለፈው ክረምት ግንቡ ሆድ አወጣ። ከግንቡ ሁለት ሜትር ያህል ገባ ብሎም ጓሮው ላይ ረጅም ስንጥቅ ታየ። የቀድሞው ባለቤት ጓሮውን ለጋራዥ አከራይቶት ነበር፤ ዘይት የሚቀየርበት፣ አሮጌ ባትሪ የሚፈታበት። ዝናብ ሲዘንብ ከግንቡ ሥር ጥቁር፣ ላዩ የሚያብለጨልጭ ውሃ ይወጣል። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አንድ ኮንትራክተር "አፍርሰን በወፍራም ኮንክሪት እንሥራው" ብሏቸዋል። ጎረቤት "ቬቲቨር የሚባለውን ሣር ትከሉበት" ይላሉ። የባለቤታቸው ወንድም ደግሞ "አፈሩን በሲኖትራክ አስጭነን እናስወጣ፣ የቀረውን በኖራ እንለውሰው" ባይ ነው። "የቱን ልስማ? ጓሮ የዘራሁትን ጎመንስ ልጆቼ ይብሉት?" ይላሉ።

እህቴ፣ ከጎመኑ ልጀምር። ለጊዜው አይብሉት። ልጆቹም ጓሮው አፈር ላይ አይጫወቱ። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ። ለነገ የሚባል ነገር ስላልሆነ ነው ያስቀደምኩት።

ግንቡን በተመለከተ፣ ሦስቱም ሰዎች ያሉት ውስጥ እውነት አለ። ሦስቱም ግን አንድ ነገር ዘለሉ። ውሃውን። ግንብዎን ያሸነፈው አፈሩ ብቻ አይመስለኝም፤ ውሃው ነው። ያ ውሃ ደግሞ ንጹሕ አይደለም። ተዳፋቱ እንዲቆም ውሃውን ከአፈሩ ማስወጣት አለብን። ያወጣነውን ግን እንዲሁ ወደ ወንዝ መልቀቅ አንችልም። የእርስዎን ጉዳይ ከተራ የግንብ ችግር የሚለየው ይህ ነው። ግንብ ሠሪው ስለ ዘይቱ አይጨነቅም። አፈር የሚያጸዳውም ስለ ግንቡ አያውቅም። ሁለቱ አንድ ላይ ካልታሰቡ አንዱን ስናክም ሌላውን እናባብሳለን።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላ። ከግንብዎ ጀርባ ያለው ደህና የተጠቀጠቀ ደረቅ ሙሌት ቢሆን፣ በእያንዳንዱ አንድ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ ወደ 2.7 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይገፋል። አሁን ክረምት ይግባ። ውሃው መውጫ አጥቶ ከግንቡ ጀርባ እስከ አናት ይሙላ። ውሃው ብቻውን 4.5 ቶን ይገፋል። አፈሩ ውሃ ውስጥ ሲሆን ስለሚቀልል የእሱ ድርሻ ወደ 1.5 ቶን ይወርዳል። ድምሩ 6 ቶን ነው። ያው ግንብ፣ ያው አፈር፣ ጭነቱ ግን ከእጥፍ በላይ። በ12 ሜትር ርዝመት ሲሰላ ከ32 ቶን ተነስቶ 72 ቶን ይደርሳል ማለት ነው።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። አፈር ተዳፋት ላይ የሚቆመው ቅንጣቶቹ ተጫጭነው እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው። ውሃ በመሃላቸው ገብቶ ሲገፋ መጫጫኑ ይላላል። ክብደቱ እንዳለ ነው፤ የሚይዘው ጉልበት ግን ይቀንሳል። ይህን መጀመሪያ በደንብ ያስረዳው መሐንዲሱ ካርል ተርዛጊ ነው። ኢስታንቡል ውስጥ እያስተማረ በቀላል ዕቃ በሠራቸው ሙከራዎች ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1925 በመጽሐፍ አወጣው። እኛ ዛሬም የተዳፋት ሒሳብ ስንሠራ መጀመሪያ የምንጠይቀው "ውሃው የት ላይ ነው?" ብለን ነው። ከእሱ የተማርነው ነው።

እኔ ግን በደንብ የገባኝ ከመጽሐፍ አልነበረም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሳይት ላይ 4 ሜትር የሚሆን የድንጋይ ግንብ አሠራሁ። የውሃ መውጫ ቱቦዎቹ በየሁለት ሜትሩ ተሰካክተዋል። ከፊት ሲያዩት ያምራል። ነሐሴ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። ሄጄ ቱቦዎቹን አየሁ። አንዱም ጠብ አይልም። ጣቴን ከትቼ ነካሁት፤ ደረቅ ነው። "ጥሩ ነው፣ ውሃ የለም" ብዬ ወደ ቢሮ ተመለስኩ። በሦስተኛው ሌሊት ግንቡ ወደቀ። ተመስገን፣ ሰው አልነበረም። ፍርስራሹን ስናነሳ የቱቦዎቹ ጀርባ በሞርታር ተደፍኗል። ከኋላቸው ጠጠር የለም። ሰሌክት (የተመረጠ የመሙያ አፈር) ተብሎ የተሞላው ሸክላ አፈር ነው። ጨበጥኩት። በጣቶቼ መሃል እንደ ተልባ ተዝለገለገ። ያን ቱቦ ደረቅ ሆኖ ሳየው መደንገጥ ነበረብኝ። ዛሬ በክረምት ደረቅ የውሃ መውጫ ካየሁ ሰው ከግንቡ ሥር እንዲርቅ ነው የምናገረው።

የእርስዎ ግንብ ውሃ የሚያወጣው ከሥሩ ነው እንጂ በቀዳዳዎቹ አይደለም ብለዋል። ያው ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ስንጥቁ እንሂድ። ስንጥቅ ብዙ ይናገራል። ከ3 ሜትር ግንብ ጀርባ ያለ አፈር ሲገፋ፣ አብሮ የሚንቀሳቀሰው ቁራጭ ብዙውን ጊዜ ከላይ ሲለካ ከ1.7 እስከ 2 ሜትር ገባ ይላል። እርስዎ ያዩት ስንጥቅ እዚያው ላይ ነው። ይህ ደህና ዜና ነው። ችግሩ የግንቡና ከጀርባው ያለው ሙሌት ነው የሚለውን ይደግፋል። ስንጥቁ 5 ወይም 6 ሜትር ገባ ብሎ፣ ቤቱ አጠገብ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎብጦ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምጽፍልዎ። ያኔ የሚንሸራተተው ከግንቡ በታች አልፎ ተዳፋቱ በሙሉ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ወፍራም ኮንክሪት መሥራት ዋጋ የለውም። ግንቡ ከነክብደቱ አብሮ ይሳፈራል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ያረጋግጡልኝ። ቤቱ አጠገብ አዲስ ስንጥቅ ወይም የሚይዝ በር አለ? ተዳፋቱ መሃል ላይ ዘንበል ያለ ዛፍ አለ? ከታች ወንዙ አጠገብ መሬቱ አበጥ ብሏል? ከሦስቱ አንዱ ካለ ግንቡን ከመንካት በፊት ቁፋሮ ያስፈልጋል። ሁለት ጉድጓድ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ተዳፋቱ ወገብ ላይ፣ ከ10 እስከ 12 ሜትር ጥልቀት። ጉድጓዶቹ ውስጥ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቀመጥ፤ የውሃውን ከፍታ ክረምት ከበጋ እንለካበታለን።

ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት የለብዎትም። ግንቡ ላይ ያለውን ስንጥቅ በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉት። እጅ በሚያህል ስፋት ጀሶ ይለጥፉበት፤ ውፍረቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይበልጥ። ሲደርቅ ቀኑን በማርከር ይጻፉበት። ጀሶ አይለጠጥም። ግንቡ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። አፈሩ ላይ ላለው ስንጥቅ ደግሞ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ፌሮ ይትከሉ። መሃላቸውን በየሳምንቱ በሜትር ይለኩና ደብተር ላይ ይጻፉ። ሁልጊዜ ያው ሰው ይለካ።

ጥያቄዎ የደረሰኝ በየካቲት ነው። እስከ ሰኔ ሦስት ወር ከግማሽ አለን። ይህ ጊዜ ወርቅ ነው።

መጀመሪያ ከላይ የሚገባውን ውሃ እንቁረጥ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ቀን 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 5,000 ሊትር ነው። አሸንዳዎ ያን ሁሉ ጓሮ ላይ የሚያፈስ ከሆነ ግንቡን በእጅዎ እየገፉት ነው። አሸንዳውን በቱቦ ወደ መንገዱ ዲች ያውርዱት። ስንጥቁን በሸክላ አፈር ደፍነው ይጠቅጥቁ፤ በላዩ ወፍራም ላስቲክ ያንጥፉ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ጓሮ ከሆነ እንዲመጠጥና ማፍሰስ አለማፍሰሱ እንዲታይ ያድርጉ። በላኩልኝ ፎቶ ላይ ግንቡ አናት አጠገብ አንድ ትልቅ ሮቶ አየሁ። 5,000 ሊትር የሚይዘው ሲሞላ 5 ቶን ይመዝናል። ቧንቧው ትንሽ ካፈሰሰ ደግሞ ጭነቱም ውሃውም በአንድ ቦታ። ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ፊት ለፊት ያዛውሩት። የተከመረው ድንጋይም ይነሳ።

አንድ ነገር አደራ። ከግንቡ ሥር ማንም እንዳይቆፍር። "መሠረቱን እንይ" ብሎ ሥሩን የሚጎደጉድ ሰው ተዳፋቱ የቆመበትን እግር እየቆረጠ ነው። ከላይ አፈር መቀነስ ይረዳል፤ ከታች መቀነስ ይጥላል።

አሁን ወደ ጥቁሩ ውሃ። በተበከለው አፈር ውስጥ ምን ምን እንዳለ ሳናውቅ መድኃኒት ማዘዝ አንችልም። ከጋራዥ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱ በጭራሽ አይመሳሰሉም። አንደኛው ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ነው። ሁለተኛው ከባትሪ የሚወጣው እርሳስ የተባለው ብረት ነው። ዘይቱን ተሕዋስያን ይበሉታል። እርሳሱን ግን ማንም አይበላውም። ዛሬ መሬት ውስጥ ያለው እርሳስ የልጅ ልጅዎ ሲመጣም እዚያው ነው።

ለልጆች የምፈራው እርሳሱን ነው። የልጅ አእምሮ ይጎዳል፤ ትንሽ መጠንም ቢሆን። የሚገባው ደግሞ በአቧራና በእጅ ነው። ጎመን ሰፊ ቅጠሉ ላይ አቧራ ይይዛል፤ ጥቂቱንም በሥሩ ይስባል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለመኖሪያ ግቢ ማስጠንቀቂያ ብሎ ለብዙ ዓመታት የያዘው ቁጥር በአንድ ኪሎ አፈር 400 ሚሊ ግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 200 አወረደው። ባትሪ ሲፈታበት የኖረ ቦታ ይህን ማለፉ አይገርመኝም። ጎመን መትከል ካማረዎ ከሌላ ቦታ ንጹሕ አፈር ያስመጡና በጆንያ ወይም በሣጥን ይትከሉ።

ናሙና ሲወሰድ ከአምስት ቦታ ይሁን። ባትሪ ይፈታበት የነበረውን ጥግ ሠፈር ውስጥ የቆየ ሰው ያውቀዋል፤ ይጠይቁ። ከእያንዳንዱ ቦታ ከ20 ሳንቲ ሜትር፣ ከ1 ሜትርና ከ2 ሜትር ጥልቀት ይወሰድ። ጓንት ያድርጉ። ለዘይት የሚመረመረው በብርጭቆ ጠርሙስ ይሁን፤ ፕላስቲክ ዘይቱን ይመጥጣል። ጥላ ቦታ፣ ቢቻል በረዶ ባለበት ሣጥን ይጓጓዝ። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ይህ ነው፦ ከግቢው ፊት ለፊት፣ ጋራዥ ካልነካው ቦታ፣ አንድ ናሙና ይጨምሩ። የአዲስ አበባ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ስለሆነ አንዳንድ ብረቶች በተፈጥሮው አሉበት። ማነጻጸሪያ ከሌለ ብክለቱ የጋራዡ ይሁን የድንጋዩ አናውቅም።

የባለቤትዎ ወንድም ሐሳብ ግማሹ ትክክል ነው። ከግንቡ ጀርባ ያለው አፈር መነሳት አለበት። ለግንቡም ለአፈሩም የሚረዳን አንድ ቁፋሮ ነው። ግንቡን ለማደስ ከጀርባው ያለውን ሙሌት ከላይ ወደ ታች፣ በሦስት በሦስት ሜትር ክፍል ማንሳት አለብን። ያ የምናነሳው አፈር ራሱ የተበከለው ነው። በእርስዎ ልክ ቢቆፈር ከ50 እስከ 60 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ግማሹ ትክክል ያልሆነው "እናስወጣ" የሚለው ነው። ወዴት? ማታ ማታ ወንዝ ዳር የሚገለበጠውን አፈር ሁላችንም አይተናል። ዞሮ ዞሮ ከአቃቂ በታች ያለ ገበሬ ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው። በአቃቂ ወንዝ የሚለሙ አትክልቶች ላይ ከባድ ብረቶች እንደሚገኙ በተደጋጋሚ ተጠንቷል።

የተበከለ ነገርን ከፍ አድርጎ መከመርም የራሱ ተዳፋት ይፈጥራል። ቆሼን እናስታውስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። ቆሻሻም ቢሆን፣ አፈርም ቢሆን፣ ክምር ሲሆን በአንድ ሕግ ነው የሚገዛው።

ስለዚህ አፈሩን ሲያወጡ በአፍንጫም በዓይንም ይለዩት። ናፍጣ የሚሸተው ለብቻ፣ የማይሸተው ለብቻ፣ ከባትሪው ጥግ የወጣው ለብቻ። የሚሸተው ምናልባት አንድ ሦስተኛው፣ 20 ሜትር ኪዩብ ቢሆን ነው። ያንን ከግንቡ ራቅ ብሎ፣ ወፍራም ላስቲክ አንጥፈው፣ በአንድ ሜትር ከፍታ ይከምሩት። ከሥሩ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ይግቡ፤ አየር ይፈልጋል። ፍግና ጭድ ይቀላቀልበት። ዩሪያም ትንሽ ያስፈልገዋል፤ ዘይት በሚበሉት ተሕዋስያን ዘንድ የሚያጥረው ናይትሮጅን ነው። እርጥበቱ በእጅ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ውሃ ግን የማይጠባ ይሁን። በላዩ ቆርቆሮ ወይም ላስቲክ ይኑር። በየሁለት ሳምንቱ በአካፋ ይገላበጥ። አላስካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ ድፍድፍ ዘይት ስታፈስ የባሕሩን ዳርቻ ለማጽዳት ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ ማዳበሪያ እየረጩ በቦታው ያሉትን ተሕዋስያን ማበርታት። ናፍጣው በወራት ውስጥ ብዙው ይጠፋል። የተቃጠለው የሞተር ዘይት ከባድ ስለሆነ ይዘገያል። ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከባትሪው ጥግ የወጣውን አፈር ፍግ አያድነውም። መጠኑ ጥቂት ስለሚሆን በበርሜል ታሽጎ፣ ተጽፎበት፣ የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አማክረው የሚወሰድበት ይፈለግ። መውጫ ከሌለው ከሲሚንቶ ጋር ለውሶ ማጠንከር ይቻላል፤ እርሳሱ ከውስጡ በቀላሉ አይታጠብም። ግን ያ አፈር ዘይትም ካለበት ሲሚንቶው በደንብ አይዝም። ዘይት ሲሚንቶ እንዳይጠነክር ያደርጋል። ቅደም ተከተሉን ያስቡ፤ መጀመሪያ ዘይቱ፣ ቀጥሎ ሲሚንቶው።

ኖራን በተመለከተ ረጋ ብለው ያንብቡኝ። ኖራ ለሸክላ አፈር ትልቅ ወዳጅ ነው። ብላክ ኮተን የምንለው ጥቁር አፈር ላይ በክብደት ከ3 እስከ 8 በመቶ ሲገባ እብጠቱ ይቀንሳል፤ ጊዜ ሲሰጡት ይጠነክራል። ሀገራችን ውስጥም ለመንገድ ሥራ ይሠራበታል። እርሳስ ባለበት አፈር ላይ ግን ባሕርይው ሁለት ነው። ልከኛ ኖራ የአፈሩን አሲድነት ሲቀንስ እርሳሱ ባለበት ይጸናል፤ ባትሪ ደግሞ አሲድ አፍስሶበታል። ኖራ በዝቶ የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል) 12 ሲደርስ ግን እርሳሱ እንደገና ይሟሟል። ሸክላን ለማጠንከር የሚፈለገው ደግሞ እዚያ ከፍታ ላይ ያለው ፒኤች ነው። ለግንቡ ብለው የበተኑት ኖራ እርሳሱን ወደ ወንዙ ሊሸኘው ይችላል። የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ ኖራ እንዳይገባ። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው እንደሚፈላ፣ ዓይንና ቆዳ እንደሚያቃጥልም ለሠራተኞቹ ይነገር።

ግንቡ ሲታደስ ምን ይሁን? እኔ ቦታው ላይ ሄጄ ባላየውም ወደ ጋቢዮን አደላለሁ። በሽቦ ሣጥን የታሰረ ድንጋይ ነው። ውሃ ያሳልፋል። መሬቱ ትንሽ ቢላወስ አብሮ ይታጠፋል እንጂ እንደ ሞርታር ግንብ አይሰነጠቅም። የኮንሶ ሰዎች ይህን ያውቁታል። አንዳንድ ቦታ 5 ሜትር የሚደርሰውን እርከናቸውን የሚሠሩት ያለ ሞርታር፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ቅርስ አድርጎ ሲመዘግበው በትውልድ ቆጠራ 21 ትውልድ የዘለቀ ነው ተብሎ ነው። እኔ ኮንሶ ሄጄ አንዱ እርከን ሥር ተንበርክኬ ያየሁት ነገር በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ክፍተት ነው። ከዝናብ በኋላ ከእያንዳንዱ ክፍተት ቀጭን ውሃ ይንቆረቆር ነበር፤ አፈሩ ግን ከኋላው ቁጭ ብሏል። ለ3 ሜትር ጋቢዮን ታችኛው ረድፍ 2 ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል፤ ወደ ተዳፋቱም ትንሽ ዘንበል ይላል። ከጀርባው ጂኦቴክስታይል ጨርቅ ይነጠፋል፤ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን ይለቃል። ጋቢዮን ከባድ ስለሆነ መሠረቱ የሚያርፍበት መሬት መመርመር አለበት። ይህ ያለ መሐንዲስ የሚሠራ አይደለም። ወንዝ ዳር ስለሆነም ከወረዳው ፈቃድ ሳይያዝ አንድ ድንጋይ እንዳይነቀል።

ጋቢዮን ውሃ ያሳልፋል ካልኩ ግን ጥቁሩ ውሃም ያልፋል። ስለዚህ ከጋቢዮኑ ጀርባ፣ ከታች፣ ቀዳዳ ያለው ፒቪሲ ቱቦ በጠጠር ተከብቦ ይቀመጥ። ቱቦው ውሃውን ወደ አንድ ጥግ ይሰብስበው። እዚያ ሦስት ክፍል ያለው ጉድጓድ ይሠራ፤ ደህና ላቫጆ ቤት እንደሚያሠራው ዓይነት። ዘይት ይንሳፈፋል፣ ደለል ይዘቅጣል፣ መካከለኛው ውሃ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። ላዩ ላይ የሚከማቸውን ዘይት እየቀዱ በጀሪካን ያኑሩ። የሟሟ ብረት ግን ይህ ጉድጓድ አይዝም፤ ከመጨረሻው ክፍል የሚወጣው ውሃ አንድ ጊዜ ይመርመር።

ለቬቲቨር ክብር አለኝ። በጅማና በኢሉባቦር ገበሬው ማሳ ላይ ያደረገውን አይቻለሁ። ሥሩ ሲመቸው 3 ሜትር ይወርዳል። የአንዷ ሥር ጥንካሬ በአማካይ የተራ ብረትን አንድ ስድስተኛ ይሆናል። እርሳስንም የሚይዘው በአብዛኛው ሥሩ ላይ ነው፤ ወደ ቅጠሉ ብዙም አይወጣም። እርስዎ ጋ ቦታው ከግንቡ በታች ያለው ተዳፋት ነው። ችግኞቹ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው፣ በአግድም መስመር፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይተከሉ። ከላይ ያለውን አንድ ሜትር አፈር ይይዛል፤ ጎርፉን ያረግባል። ግን ሆዱን ያወጣ ግንብ አይመልስም። ቅዝቃዜና ጥላ ስለማይወድም ቀበና ላይ እንደ ጅማ ፈጥኖ አያድግም። ሁለት ክረምት ይስጡት። ቅጠሉን ለከብት አይስጡ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግንቡ ቢወድቅስ? ይህን የምጽፈው ሳልፈልግ ነው፤ ግን ግድ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች ያለቁት በአንድ ናዳ አልነበረም። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ጎረቤቱ ሮጦ ወረደ። እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። የተናደ ተዳፋት ከኋላው ቀጥ ያለ፣ ድጋፍ የሌለው ገደል ይተዋል። እሱ ራሱ ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ የግንቡ ሥር ላይ የሚያልፍ ሰው ካለ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ፍየል የሚያግድ፣ ከሰኔ በፊት ይነገረው። ገመድ ይወጠር። ከባድ ዝናብ ባለበት ሌሊት ከጓሮ በኩል ባለው ክፍል ውስጥ ልጆች እንዳያድሩ። ቢወድቅ ዕቃ ለማንሳት ማንም አይውረድ።

ጀሶውን በዚህ ሳምንት ይለጥፉ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ፎቶውን ይላኩልኝ፤ ሲያነሱት ከስንጥቁ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ፣ ስፋቱን ከእሱ ጋር አስተያይቼ አነበዋለሁ። የፌሮዎቹን ልኬትም ከደብተሩ ይጻፉልኝ። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ደግሞ የፊት ለፊቱን ናሙና ቁጥር እንዳይረሱ።